ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያዘመንኩት የኖታ ፕሮግራም

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ሙዝስኮር በተባለው ነጻ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ለሚሠሩ፣ በተለይም እንደ እኔ በሌላ ከተማ ካሉ መዘምራንና ሙዚቀኞች ጋር ፋይል እየተለዋወጡ ለሚዘጋጁ ሰዎች ነው። የምኖረው ድሬዳዋ ሲሆን በቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ቡድን ውስጥ መዝሙሮችን በአራት ድምፅ የማቀናበርና ኖታቸውን የመጻፍ ኃላፊነት አለብኝ። እኛ ዘንድ ድምፅ ሞልቶ የትንፋሽ መሣሪያ የለም፤ ሐረር ያለው እኅት ቡድን ደግሞ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ አልቶ ሳክስፎንና አንድ ትሮምቦን ኖሮት ሶፕራኖ ያጥረዋል። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ለገና ዋዜማ ሁለቱን ቡድኖች አጣምረን ሐረር ላይ 11 መዝሙር ለማቅረብ ተስማማን።

የሐረሩ ቡድን መሪ በዕድሜም በሙያም አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የሚሠሩት ዊንዶውስ 7 በተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ሁለታችንም ለሦስት ዓመት ያህል የተጠቀምነው በሙዝስኮር እትም 3 ሲሆን መጨረሻ ላይ የደረስንበት 3.6.2 የሚባለው ነበር። እኔ ፋይሉን በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ፣ እሳቸው ከፍተው ለዘማሪዎቻቸው ከከበደ ግማሽ ወይም አንድ ድምፅ ዝቅ ያደርጉትና መልሰው ይልኩልኛል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልከፈት ያለን ፋይል ስላልነበረ፣ ፋይል ማለት ምን እንደሆነና ከየትኛው እትም ጋር እንደተሳሰረ አስበን አናውቅም ነበር። ችግሬ የጀመረው ከዚህ ነው።

እትም 4 የወጣው ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለገና 24 ቀን ቀርቶ ነበር። ዜናውን ያየሁት በማግስቱ ሲሆን ልቤን የሳበው አዲሱ የድምፅ ስብስብ ነው፤ ቫዮሊኑ እንደ ቫዮሊን፣ መዘምራኑም እንደ ሰው ድምፅ የሚሰሙበት፣ ያውም ያለ ክፍያ። ኖታ የማያነቡ ዘማሪዎች ያሉት ቡድን የሚመራ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያጓጓ ያውቃል። ታኅሣሥ 7፣ ዓርብ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከስልኬ ዳታ ጋር አገናኘሁና ማውረድ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስሕተት ሠራሁ፤ ጉዳቱ በኪሴ ላይ ብቻ ስለነበር ቶሎ አልፈዋለሁ። ፕሮግራሙን የሚያወርደው ትልቁ ቁልፍ በመጀመሪያ የሚሰጠው ሙዝ ሀብ የተባለውን አውራጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ፕሮግራሙንም፣ በጊጋባይት የሚለኩትን የድምፅ ስብስቦችም አንድ ላይ ያቀርባል። እኔም ያየሁትን ሁሉ መርጬ የወር ፓኬጄን በአንድ ሌሊት ጨረስኩ። ፕሮግራሙን ያለ ሙዝ ሀብ ለብቻው የሚያወርድ አነስ ያለ ማያያዣ ከቁልፉ አጠገብ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። የድምፅ ስብስቦቹ ባይኖሩም ፕሮግራሙ ከራሱ ጋር በሚመጣው መሠረታዊ ድምፅ ያለ ችግር ይሠራል። በስልክ ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ከዚያ ጀምሩ።

ሁለተኛው ስሕተት ግን ከባድ ነበር። አዲሱ እትም እንደተጫነ 11ዱንም መዝሙር አንድ በአንድ ከፈትኩ። እትም 4 የእትም 3ን ፋይል ያለ ችግር ስለሚከፍት ሁሉም ተከፈተ። የኖታዎቹ አራራቅ ተለውጦ፣ በሁለት ገጽ ያለቀው አንዳንዱ መዝሙር ወደ ሦስተኛ ገጽ ተሻግሮ ስላየሁ መስመሮቹን አስተካከልኩ፣ በልምምድ ላይ ያየኋቸውን ግድፈቶች አረምኩ፤ ከዚያም በዚያው ስም፣ በዚያው ፎልደር፣ በአሮጌው ላይ ደርቤ አስቀመጥኳቸው። ለአሥር ቀን ያህል እንዲህ እያልኩ ሠራሁ። ድምፁ ስላማረኝ ደስተኛ ነበርኩ፤ ለዘማሪዎቹም አሰማኋቸው፣ እነሱም አደነቁልኝ። የአሮጌው እትም ፋይሎች በእጄ ላይ አንድ በአንድ እየጠፉ መሆኑን ግን ማናችንም ልብ አላልንም።

ታኅሣሥ 18 ማክሰኞ ሁሉንም ወደ ሐረር ላክሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ደወሉ።

«ልጄ፣ ምን ነካው ፋይልሽ? አንዱም አልከፈት አለኝ።»

«ሁሉም ነው ጋሼ?»

«ሁሉም። በአዲስ እትም የተቀመጠ ነው፣ አዲሱን ጫን ይለኛል። አዲሱን ልጫን ስል ደግሞ ኮምፒውተሬ አይቀበለውም።»

እውነታቸውን ነበር። በእትም 4 የተቀመጠን ፋይል እትም 3 አይከፍተውም፤ እትም 4 ደግሞ 64 ቢት የሆነ ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ከመጫኔ በፊት በግልጽ ተጽፎ የሚነበብ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ወደ ፊት የሄደ ፋይል ወደ ኋላ አይመለስም የሚለውን ነገር በቃል የሰማሁ ይመስለኛል፣ ነገር ግን በራሴ ላይ እስኪደርስ ድረስ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን የምነግራችሁ እናንተ እንዳትደግሙት ነው። በድንጋጤ እትም 4ን ከላፕቶፔ አጠፋሁና እትም 3ን እንደገና ጫንኩ። ፕሮግራሙ ቢመለስም ፋይሎቹ የእትም 4 ፋይሎች እንደሆኑ ስለቀሩ፣ ያን ጊዜ እኔም ራሴ ልከፍታቸው የማልችል ሆንኩ። ቀጥዬ የፋይሉን የስም መጨረሻ መለወጥ ሞከርኩ፤ እሱም ምንም አልረዳም። ፕሮግራሙን ማጥፋት ፈጽሞ አያስፈልግም ነበር፤ እትም 3 እና እትም 4 በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ተጭነው ያለ ጠብ ይኖራሉ። የጠፋውን ፕሮግራም መልሼ ለማውረድ ሌላ ፓኬጅ ገዛሁ። በተደናገጣችሁ ጊዜ ምንም ነገር ሳታጠፉ ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ገልብጡት፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ታስቡበታላችሁ።

በማግስቱ እርዳታ ለመጠየቅ ወሰንኩ። ሙዝስኮር በ2002 እ.ኤ.አ. በአንድ ጀርመናዊ ፕሮግራመር፣ በቬርነር ሽዌር፣ የተጀመረና ዛሬም ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ደውላችሁ የምታገኙት የደንበኞች አገልግሎት የለውም፤ የሚረዷችሁ በአብዛኛው በትርፍ ጊዜያቸው የሚመልሱ በጎ ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች ናቸው። ይህን ሳላስብ በተጠቃሚዎቹ የመወያያ መድረክ ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «አፕዴት ካደረግሁ በኋላ ፋይሎቼ አልከፈት አሉ፤ አስቸኳይ ነው፤ እርዱኝ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። መልስ ቶሎ መጣ፣ ግን መልሱ ጥያቄ ነበር፤ ከየትኛው እትም ወደ የትኛው ነው ያዘመንሽው? ኮምፒውተሩ ምንድን ነው? የሚታየው መልእክት ቃል በቃል ምን ይላል? ከፋይሎቹ አንዱን ልታያይዢልን ትችያለሽ? ይህን ባነበብኩበት ሰዓት እዚህ መብራት ጠፍቶ ስለነበር እስከ ማግስቱ አልመለስኩም። በእኔ የተድበሰበሰ ጥያቄ ምክንያት አንድ ሙሉ ቀን ባከነ።

ሁለተኛውን መልእክት ስጽፍ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። የሁለቱን ኮምፒውተሮች ዓይነት፣ የሁለቱን እትሞች ሙሉ ቁጥር፣ ምን እንዳደረግሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል፣ የጋሼን ስክሪን ፎቶ እና አንዱን መዝሙር አያይዤ ላክሁ። የእትሙን ሙሉ ቁጥር «ስለ ሙዝስኮር» በሚለው፣ በእገዛ ዝርዝሩ ሥር በሚገኘው ቦታ ታገኙታላችሁ፤ «አዲሱ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፣ ለእናንተ አዲስ የሆነው ለሌላው አሮጌ ሊሆን ይችላልና። መጨረሻ ላይም እስከ ዋዜማው በቀሩት ጥቂት ቀናት ውስጥ ምን ማድረስ እንዳለብኝ በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዳሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር የጨመርኩት እንደ ልመና ነበር፤ መፍትሔውን ያመጣችው ግን እሷ ሆነች።

መላሹ ስለ ፋይሎቹ ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ሐረር ያሉት ሰዎች ፋይሉን ሊያርሙት ነው የሚፈልጉት ወይስ ኖታውን ሊያነቡት ብቻ? እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ትራምፔት ተጫዋቾቹ፣ ሳክስፎኒስቱና ትሮምቦኒስቱ የሚፈልጉት ወረቀት ነው። ለወረቀት ፒዲኤፍ ይበቃል፤ ፒዲኤፍ ደግሞ በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ፣ በየትኛውም እትም ቢሠራ፣ ያው ሆኖ ይከፈታል። ኖታ የማያነቡት ዘማሪዎች የሚፈልጉት ድምፅ ነው፤ በማደባለቂያው ላይ የሌሎቹን ድምፅ ዝቅ አድርጌ የአልቶውን ለአልቶ፣ የባሱን ለባስ በኤም ፒ 3 ማውጣት እችላለሁ። ፋይሉን ራሱን የሚፈልጉት ጋሼ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ የሚለውጡት ለዘማሪዎቻቸው የከበዱትን ነው። ደውዬ ስጠይቃቸው «አራቱን ብቻ ነው የማወርደው፣ ሌላው ደኅና ነው» አሉኝ። 11 የነበረው ችግር በአንድ ስልክ ወደ 4 ወረደ።

አራቱን መዝሙሮች ያዳንኳቸው በሦስት መንገድ ነው፤ ሦስቱንም እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም የትኛው እንደሚጠቅማችሁ አስቀድሞ አይታወቅም።

ሁለቱን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። በኅዳር ወር ለጋሼ የላክሁላቸው የእትም 3 ፋይሎች በውይይታችን ውስጥ እንዳሉ ተቀምጠው ነበር። ከእኔ ኮምፒውተር የጠፋውን ከእሳቸው ጋር ባደረግሁት ወሬ ውስጥ ማግኘቴ አስቆኛል። ያረምኳቸው ግድፈቶች ጥቂት ስለነበሩ አሮጌውን ከፍቼ እርማቱን እንደገና ጨመርኩ፤ ለሁለቱም አንድ ምሽት በቃቸው። ከዚያ ወዲህ የጨረስኩትን እያንዳንዱን ሥራ ቴሌግራም ላይ ለራሴ፣ «የተቀመጡ መልእክቶች» ወደሚለው ቦታ እልካለሁ፤ የእትሙን ቁጥርም ከሥሩ እጽፍበታለሁ።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ከመጠባበቂያው ፎልደር ነው። እትም 4 አንድን ሥራ ደርባችሁ ስታስቀምጡ የቀደመውን ቅጂ ሥራው ባለበት ፎልደር ውስጥ፣ ኤም ኤስ ሲ ባክአፕ በሚባል ንዑስ ፎልደር ያኖረዋል። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ካላዘዛችሁ ዓይናችሁ ላይ ላይገባ ይችላል። የቅጂው ስም መጨረሻ ላይ ሞገድ የምትመስል ምልክት አለች፤ ቅጂውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ምልክቷን ስታጠፉ እንደ ማንኛውም ፋይል ይከፈታል። ነገር ግን የሚቀመጠው የመጨረሻው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ብዙዎቹን መዝሙሮች ደጋግሜ ስላስቀመጥኳቸው መጠባበቂያቸውም የእትም 4 ሆኖ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀመጥኩት ይህኛው ብቻ ነው የተረፈው።

አራተኛው ረጅሙና ብዙ የደከምኩበት፣ በትዝታ ቅኝት የተሠራው መዝሙር ነው። አሮጌ ቅጂ ስላልነበረው ከእትም 4 በሙዚክኤክስኤምኤል አውጥቼ በእትም 3 ከፈትኩት። ይህ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ የተለያዩ የኖታ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የጋራ ቅርጽ ነው። ኖታው፣ ምቱ፣ ቁልፉ፣ ግጥሙ ሁሉ በሰላም ተሻገረ። የገጹ አቀማመጥ፣ የመስመሮቹ መቆራረጫ፣ በእጄ ያሰለፍኳቸው ጽሑፎች ግን ተበታተኑ። በመልኩ አትደንግጡ፤ ቃናው ትክክል ከሆነ የቀረው የማስዋብ ሥራ ነው። መስመሩን በፈለጋችሁበት ለመቁረጥ የመስመር ምልክቱን መርጣችሁ ኢንተር፣ ገጹን ለመቁረጥ ደግሞ ኮንትሮልና ኢንተር መጫን ይበቃል። ለዓመታት ሲሸጥ የኖረው ፊናሌ እንኳ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ልማቱ መቆሙ ሲነገር፣ ተጠቃሚዎቹ ሥራቸውን ይዘው የወጡት በዚሁ በሙዚክኤክስኤምኤል በር ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የምትፈልጉትን ሥራ በዚህም ቅርጽ አንድ ቅጂ አስቀሩለት።

በግጥሙ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በፊደላችን ለሚጽፍ ሰው ዋናው ጣጣ ያለው እዚያ ነውና። እኔ የምጠቀምበት ላፕቶፕና የጋሼ ዴስክቶፕ አንድ ዓይነት የአማርኛ ፎንት የላቸውም። የተመረጠው ፎንት በሌላው ማሽን ላይ ከሌለ ኮምፒውተሩ በራሱ ፈቃድ ሌላ ይተካበታል፤ የሚተካው ሰፋ ካለ ፊደላቱ ይጋፋሉ፣ ኖታውም እነሱን ተከትሎ ይገፋል፣ ሁለት ገጽ የነበረው ሦስት ይሆናል። ለሳምንታት «አዲሱ እትም ገጼን አበላሸው» እያልኩ ካማረርኩት ውስጥ ገሚሱ የፎንት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። መፍትሔው በሁለቱም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ነጻ ፎንት መጫን ነው፤ እኛ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልን መረጥን። ፎንቱን በእያንዳንዱ ቃል ላይ ከመለወጥ ይልቅ፣ በስታይል ውስጥ ለግጥም በተመደበው ቦታ አንድ ጊዜ ለውጡትና ስታይሉን ለብቻው አስቀምጡት፤ በኤም ኤስ ኤስ የሚያልቅ ትንሽ ፋይል ይሆናል፣ በየአዲሱ መዝሙር ላይ ትጭኑታላችሁ።

ሌላው የቀለም (የክፍለ ቃል) አከፋፈሉ ነው። «ተወለደ» የሚለው ቃል አራት ፊደል ነው፣ አራት ኖታ ላይ ያርፋል፣ ችግር የለውም። «ክርስቶስ» ግን አምስት ፊደል ሆኖ እንደ ዜማው በሁለት ወይም በሦስት ኖታ ይዘመራል፤ ሳድሶቹን ከየትኛው ጋር እንደምታጣብቁ ጆሯችሁ ነው የሚወስነው። እኔ በመጀመሪያ ግጥሙን ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ቀለሞቹን በሰረዝ፣ ቃላቱን በክፍት ቦታ ለይቼ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ሁሉን ገልብጬ የመጀመሪያውን ኖታ መርጬ ኮንትሮልና ኤል እጫንና፣ በየኖታው ላይ ኮንትሮልና ቪ ስል እያንዳንዱ ቀለም በየተራው ይገባል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ግጥም ማስገባት የሚወስድብኝ ጊዜ በጣም ቀንሷል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋይሉ ቢጠፋ እንኳ ግጥሙ ከነአከፋፈሉ ተቀምጦ ይቆየኛል።

ታኅሣሥ 23 እሑድ ከሰዓት በኋላ ደንገጎን ወጥተን ሐረር ገባን፤ የጋራ ልምምዳችን ነበር። ወረቀቶቹን ድሬ ከዚራ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ይዣለሁ፣ ሁሉ ነገር የተስተካከለ መስሎኛል። ያንን የትዝታ መዝሙር ስንጀምር ከሳክስፎኑ በኩል የማይቻል ድምፅ ወጣ። ሳክስፎኒስቱ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፤ እንደገና ጀመርን፣ ያው ሆነ። ጋሼ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው ለአፍታ ተመለከቱትና «ልጄ፣ ይኼ እኮ የፒያኖ ቃና ነው፤ ለእሱ አላዞርሽለትም» አሉኝ።

የሆነው ይህ ነበር። አልቶ ሳክስፎን ዶ ብሎ ሲነፋ የሚሰማው ሚ ፍላት ነው፤ ስለዚህ የእሱ ወረቀት ከሚሰማው በስድስተኛ ከፍ ብሎ መጻፍ አለበት። ፕሮግራሙ ይህን በራሱ ያደርገዋል፣ «ኮንሰርት ፒች» የሚለው ቁልፍ ጠፍቶ ከሆነ። ቁልፉ በርቶ ከሆነ ግን ሁሉንም መሣሪያ በሚሰማው ቃና ያሳያል፤ ለሚያቀናብር ሰው ምቹ ነው፣ ለሚታተም ወረቀት ግን መርዝ ነው። እኔ የሙዚክኤክስኤምኤሉን ቅጂ ሳርም እንዲመቸኝ ቁልፉን አብርቼ ሳላጠፋው ፒዲኤፍ አወጣሁ። የትራምፔቶቹም ወረቀት እንዲሁ በአንድ ሙሉ ድምፅ ተዛብቶ ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ሠርቼ በማግስቱ ጠዋት እንደገና አሳተምን። ማንኛውንም የመሣሪያ ወረቀት ከማሳተማችሁ በፊት የመጀመሪያዋን ኖታ ተመልክታችሁ ከፒያኖው ጋር አስተያዩ፤ ለቢ ፍላት ትራምፔትና ለአልቶ ሳክስፎን የተጻፈው ከፒያኖው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ቁልፉ በርቷል ማለት ነው።

ዋዜማው በሰላም አለፈ። 11ዱም ተዘመሩ፤ ሳክስፎኒስቱ በትዝታው መዝሙር መካከል ላይ ወደ እኔ ዞር ብሎ ጠቀሰኝ።

ከዚያ ወዲህ የማዘምንበት መንገድ ተለውጧል። አዲስ እትም በመጣ ቁጥር አልጣደፍም፤ የእትም 4 የመጀመሪያው ማስተካከያ 4.0.1 እንኳ እዚያው ጥር ላይ ነው የደረሰው፣ ትልልቅ ለውጥ ያለበት እትም ከወጣ በኋላ ማስተካከያዎች ተከታትለው መምጣታቸው የተለመደ ነው። የተለወጠውን የሚዘረዝረውን ማስታወሻ አነባለሁ፤ በተለይም «ምን ቀረ» የሚለውን እፈልጋለሁ፤ ለምሳሌ በእትም 3 ብዙ መዝሙር አሰባስቤ እንደ አንድ መጽሐፍ የማሳትምበት አልበም የሚባለው መሣሪያ በእትም 4 ላይ አልነበረም፣ ለእትም 3 የተሠሩ ተጨማሪ መሣሪያዎችም ሁሉም አይሠሩም። ከዚያ የአንድ መዝሙር ቅጂ፣ ቅጂውን ብቻ፣ በአዲሱ ከፍቼ እሞክራለሁ። ፎልደሮቼም ሁለት ሆነዋል፤ አንዱ የእትም 3፣ አንዱ የእትም 4፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ቅጂ እንጂ ዋናው አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን ፋይል ለምንለዋወጥ ሰዎች ሁሉ «ልንሻገር ነው፣ ማን መሻገር አይችልም?» ብዬ እጠይቃለሁ። ለአንድ ቡድን ትክክለኛው እትም፣ ከቡድኑ ውስጥ አሮጌውን ኮምፒውተር የያዘው ሰው ሊከፍተው የሚችለው ነው፤ በዚህ የማይስማሙ አሉ፣ እኔ ግን ከዚህ አልነቃነቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእኔ ታሪክ ጋር ባይያያዝም ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ስለማይ ነው። ፕሮግራሙ የሚወርደው ሙዝስኮር ነጥብ ኦርግ ከሚለው አድራሻ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ ሙዝስኮር ነጥብ ኮም የሚለው ደግሞ ሰዎች የጻፏቸው ኖታዎች የሚገኙበት፣ ለአንዳንዱ አገልግሎት የደንበኝነት ክፍያ የሚጠየቅበት ሌላ ቦታ ነው። ኖታ ለመጻፍ ብላችሁ የባንክ ካርድ ቁጥር ስትጠየቁ ካገኛችሁ ራሳችሁን፣ በተሳሳተው በር ገብታችኋል።

ጋሼ አሁን ሻል ያለ ላፕቶፕ አግኝተዋል፤ እሳቸውም ወደ እትም 4 ተሻግረዋል። በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ፣ ለፋሲካ መዝሙር እየተዘጋጀን ሳለ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አዲስ እትም ወጥቷል ይለኛል። እሺ ልበለው?»

«ጋሼ፣ ለፋሲካ ስንት ቀን ቀረን?»

ጥቂት ዝም አሉና ሳቁ። «ገባኝ፣ ገባኝ። ‹በኋላ አስታውሰኝ› የሚል አለ፣ እሱን ነው የምጫነው።»